ስምና ግብር፤ የኮሪያ ሰዎች ሃይማኖትና የኮንፉሺየስ ትምህርት በዛሬ ሊቃውንት ጥናት

ጌታችን በቅዱስ ወንጌል ስለ ሁለቱ ልጆች የተናገረውን ምሳሌ የማያውቅ ክርስቲያን አይገኝም። አባታቸው ወደ ወይኑ ቦታ ሄደው እንዲሠሩ ባዘዛቸው ጊዜ አንዱ እንቢ አለ፤ ኋላ ግን ተጸጽቶ ሄደ። ሁለተኛው እሺ አለ፤ ነገር ግን አልሄደም። መምህራን ይህን ምሳሌ ሲያስተምሩ የአፍ ቃልና የእጅ ሥራ ሁለት ልዩ ነገሮች እንደ ሆኑ፥ የሚመዘነውም ሥራው እንደ ሆነ ያስረዳሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ነገርም ከዚሁ ምሳሌ ጋር የተቀራረበ ነው። በሩቅ ምሥራቅ በኮሪያ ምድር «የዚህ ትምህርት ተከታይ ነህን?» ተብሎ ሲጠየቅ «አይደለሁም» የሚል፥ ሥራውን ግን በየቤቱ ሲፈጽም የኖረ ብዙ ሕዝብ አለ። ይህ ነገር ሃይማኖትን የሚያጠኑትን የዘመናችንን ሊቃውንት እስከ ዛሬ ያከራክራቸዋል። እኛም ክርክራቸውን መርምረን ለራሳችን የሚሆነውን ትምህርት ልናወጣበት እንወዳለን።

ኮሪያ ለኢትዮጵያውያን ፈጽማ እንግዳ የሆነች ሀገር አይደለችም። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከስድስት ሺህ የሚበልጡ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በየተራ ወደዚያ ዘምተው፥ ከእነርሱም ከመቶ የሚበልጡት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። በቹንቾን ከተማ የቆመውና በ1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በተገኙበት የተመረቀው ሐውልት ለዚህ ምስክር ነው። ወንድሞቻችን ደማቸውን ያፈሰሱለት ሕዝብ በምን እንደሚያምንና ሙታኑን እንዴት እንደሚያከብር ማወቅ እንግዲህ የሚገባ ነገር ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ግን ሁሉም በኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ኮንፉሺየስና ትምህርቱ

ኮንፉሺየስ በቻይና ምድር ሉ በምትባል ግዛት፥ ከጌታችን ልደት በፊት በ551 ዓመት ተወልዶ በ479 ዓመት እንደ ሞተ ይነገራል። ኮሪያውያን በቋንቋቸው ኮንግጃ ይሉታል። ይህ ሰው ነቢይ ነኝ፥ ወይም ከሰማይ ተልኬ መጣሁ አላለም፤ ከሞት በኋላ ስላለውም ነገር ብዙ መናገርን አልመረጠም። ያስተማረው ሰው በዚህ ዓለም እንዴት እውነተኛ ሰው እንደሚሆን ነው። በመካከላቸው ሥርዐት ሊኖር የሚገባቸውንም ወገኖች ተከታዮቹ በአምስት ከፍለው ይቈጥሯቸዋል፤ እነርሱም ንጉሥና ሹም፥ አባትና ልጅ፥ ባልና ሚስት፥ ታላቅና ታናሽ፥ ወዳጅና ወዳጅ ናቸው። ከሁሉ ሥር ያለው ምግባር ደግሞ ልጅ ለወላጆቹ የሚሰጠው ክብርና አገልግሎት ነው፤ ይህንም ኮሪያውያን ህዮ ይሉታል። ወላጆቹን በሕይወት ሳሉ ያገለገለ፥ ሲሞቱ በሥርዐት የቀበረ፥ ከሞቱም በኋላ በመታሰቢያ ያልረሳ ልጅ እርሱ ሙሉ ሰው ነው ይላሉ።

ይህ ትምህርት ወደ ኮሪያ የገባው በጥንት ዘመን ቢሆንም፥ ሀገሪቱን እስከ ሥርዋ የለወጣት የጆሶን ነገሥታት ከ1392 እስከ 1910 በገዙበት ዘመን ነው። ከእነርሱ በፊት የነበረው የጎርዮ መንግሥት የቡድሃን መነኮሳት ያከብር ነበር፤ አዲሶቹ ነገሥታት ግን ከ1130 እስከ 1200 የኖረው የቻይናው ሊቅ ጁ ሺ የተረጐመውን የኮንፉሺየስን ትምህርት የመንግሥታቸው መሠረት አደረጉት። በ1398 ሱንግክዩንክዋን የተባለውን ታላቅ ትምህርት ቤት በዋና ከተማቸው ሠሩ። እርሱም ዛሬ በሴኡል ይገኛል፤ በየዓመቱ በጸደይና በመከር ሁለት ጊዜ ለኮንፉሺየስና ለደቀ መዛሙርቱ የመታሰቢያ ሥርዐት ይፈጸምበታል።

በዚህ ዘመን ከተነሡት ሊቃውንት ሁለቱ እጅግ የታወቁ ናቸው። አንዱ ትዌግዬ (1501–1570)፥ ሁለተኛው ዩልጎክ (1536–1584) ይባላሉ፤ መልካቸው ዛሬ በደቡብ ኮሪያ የገንዘብ ኖት ላይ ታትሞ ይታያል። ትዌግዬ በ1568 ለወጣቱ ንጉሥ የጥበብን መንገድ በዐሥር ሥዕሎች ገልጾ አቀረበለት። ደግሞም ከ1559 ጀምሮ ከእርሱ በ26 ዓመት ከሚያንስ ጊ ዴሱንግ ከተባለ ሊቅ ጋር ለብዙ ዓመታት ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር። ጥያቄያቸውም ይህ ነው፤ ርኅራኄ፥ ኀፍረት፥ ለሌላው ቦታ መልቀቅ፥ በጎውን ከክፉ መለየት የተባሉት አራቱ በጎ ዝንባሌዎች፥ ደስታን፥ ቍጣንና ምኞትን ከመሰሉት ከሰባቱ ስሜቶች ጋር ምንጫቸው አንድ ነው ወይስ ልዩ? ሽማግሌው ሊቅ በወጣቱ ተግሣጽ አላፈረም፤ ቃሉን ደጋግሞ አረመ እንጂ። የነፍስን ዝንባሌ በዚህን ያህል ትጋት የመረመሩ ሰዎች የሰው ልብ የክርክር ሜዳ መሆኑን ያወቁ እንደ ነበሩ ከዚህ እንረዳለን።

በቤት ውስጥ የሚፈጸመው ሥርዐት

የኮንፉሺየስ ትምህርት በኮሪያ በመጻሕፍት ብቻ አልቀረም፤ በየቤቱ የሚፈጸም ሥርዐት ሆነ። ከሁሉም የታወቀው ጄሳ የተባለው የአባቶች መታሰቢያ ነው። አባት ወይም እናት በሞቱበት ቀን በየዓመቱ ሌሊት ቤተ ሰቡ ይሰበሰባል። ቤቱ ይጠረጋል፥ መጋረጃ ይዘረጋል፥ በገበታው ራስ ላይ የሟቹ ስም የተጻፈበት ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ወይም ወረቀት ይቆማል። በፊቱም ሩዝ፥ ሾርባ፥ ሥጋ፥ ዓሣና ፍሬ በተወሰነ ተራ ይደረደራሉ። የበኵር ልጅ ዕጣን ያጨሳል፥ ወይን ይቀዳል፤ ሁሉም ሁለት ጊዜ ወደ ምድር ይሰግዳሉ። ከዚያ በኋላ አባት እስኪመገብ እንደሚጠብቁ ጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ይቆያሉ። በመጨረሻም ማዕዱን ለራሳቸው ይካፈሉታል፤ ይህንም በረከትን እንደ መጠጣት ይቈጥሩታል። በወግ አጥባቂዎች ዘንድ መታሰቢያው እስከ አራት ትውልድ ድረስ ወደ ኋላ ይደርሳል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ስትሰማ ሁለት ሐሳብ በልብህ እንደሚነሣ አንጠራጠርም። አንዱ «ሙታንን መርሳት የማይወድ ሕዝብ እንዴት መልካም ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው «ለሙታን መብል ማቅረብና መስገድ ከአምልኮ ይለያልን?» የሚል ነው። እነዚህ ሁለት ሐሳቦች በኮሪያ ምድር ደም እስከ ማፍሰስ ያደረሱ ናቸው፤ ወደዚያ ታሪክ ግን በኋላ እንመለሳለን። አስቀድመን ሊቃውንት ይህን ነገር ምን ብለው እንደ ሰየሙት እንይ።

ሃይማኖት ነውን?

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ ኮሪያ ከገቡት የኤውሮጳና የአሜሪካ ሰዎች ብዙዎቹ «ይህ ሕዝብ ሃይማኖት የለውም» ብለው ጽፈው ነበር። ምክንያታቸውም በሴኡል ቅጥር ውስጥ እንደ ሀገራቸው ያለ የጸሎት ቤት አለማየታቸው ነው፤ የጆሶን መንግሥት የቡድሃን መነኮሳት ከከተማው ከልክሏቸው ነበርና። ነገር ግን ብዙ ዓመት የተቀመጡት ሐሳባቸውን ለወጡ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው አሜሪካዊው መምህር ሆመር ኸልበርት በ1906 ባሳተመው መጽሐፍ፥ አንዱ ኮሪያዊ በማኅበር ኑሮው የኮንፉሺየስን፥ በፍልስፍናው የቡድሃን መንገድ ሲከተል፥ መከራ ሲያገኘው ደግሞ ወደ መናፍስት እንደሚሄድ አስተውሎ ጻፈ። ስለዚህ ኮሪያዊው ሃይማኖት ያጣ ሰው አልነበረም፤ እንግዶቹ የሚያውቁትን ዐይነት ስም አላገኙለትም እንጂ።

የስሙ ነገር ብዙ የሚያስተምር ነው። ዛሬ ኮሪያውያን ሃይማኖትን «ጆንግግዮ» ይሉታል። ይህ ቃል በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ጃፓናውያን የምዕራባውያንን ቃል ለመተርጐም በዚህ ትርጓሜ ያጸኑት፥ ከዚያም ወደ ኮሪያ የተሻገረ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ቃላት «ትምህርት» እና «መንገድ» የሚል ትርጓሜ ያላቸው ነበሩ፤ የኮንፉሺየስ ትምህርትም እስከ ዛሬ «ዩግዮ» ማለት የሊቃውንት ትምህርት ይባላል። የእኛ «ሃይማኖት» የሚለው ቃል ከማመን ጋር የተዛመደ ስለ ሆነ፥ ሰውን ስለ ሃይማኖቱ ስንጠይቀው «በምን ታምናለህ?» ማለታችን ነው። የድሮው ኮሪያዊ ግን «በየትኛው መንገድ ትሄዳለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ይቀለው ነበር።

በኤውሮጳም ሊቃውንት ዘንድ ስሙ አከራካሪ ነበር። የኮንፉሺየስን መጻሕፍት ወደ እንግሊዝኛ የተረጐመውና በ1876 በኦክስፎርድ የመጀመሪያው የቻይንኛ መምህር የሆነው ጄምስ ሌግ፥ ትምህርቱ ሃይማኖት ነው ብሎ ተከራከረ። ባልደረባው ማክስ ሙለርም ከ1879 ጀምሮ ባሳተማቸው የምሥራቅ ቅዱሳት መጻሕፍት ክምችት ውስጥ አገባው። ስለዚህ ኮንፉሺየስ ከዓለም ሃይማኖት መሥራቾች ጋር ተቈጠረ፤ በገዛ ሀገሩ ግን ብዙዎች ፍልስፍና ወይም የሥነ ምግባር ትምህርት ነው ማለታቸውን አልተዉም።

የቍጥር ነገር

የዛሬው ጥናት ከዚህ ክርክር ወርሶ የተቀበለውን ችግር በቍጥር ማየት ይቻላል። በ1985 በደቡብ ኮሪያ በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ሃይማኖቴ የኮንፉሺየስ ትምህርት ነው ያለው ሰው ከመቶ 1.2 ብቻ ነበር። በ2015 ይህ ቍጥር ወደ 0.2 ወረደ። በዚያው ዓመት ከመቶ 19.7 ፕሮቴስታንት፥ 15.5 የቡድሃ ተከታይ፥ 7.9 ካቶሊክ መሆናቸውን ሲናገሩ፥ ከመቶ 56.1 የሚሆኑት ሃይማኖት የለንም አሉ። ይህን መዝገብ ብቻ የሚያነብ ሰው የኮንፉሺየስ ትምህርት ከኮሪያ ፈጽሞ ጠፋ ሊል ይችላል።

ነገር ግን በ1980ዎቹ ዓመታት የሃይማኖት ጥናት መምህር የነበረው ዩን ኢ ሁምና ባልደረቦቹ ጥያቄውን ለውጠው ጠየቁ። «ሃይማኖትህ ምንድር ነው?» ከማለት ጋር፥ ለአባቶችህ መታሰቢያ ታደርጋለህን? ስለ ወላጅና ስለ ልጅ፥ ስለ ቤተ ዘመድና ስለ ጋብቻ ምን ትላለህ? እያሉ መረመሩ። በስሙ የኮንፉሺየስ ተከታይ ነኝ ያለው ሰው ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም፤ በአኗኗሩና በሐሳቡ ሲመዘን ግን ከመቶ ከዘጠና የሚበልጠው የዚያ ትምህርት ሰው ሆኖ ተገኘ። ፕሮቴስታንቱም፥ ካቶሊኩም፥ የቡድሃው ተከታይም፥ ሃይማኖት የለኝም ያለውም በዚህ አንድ ነበሩ። እነሆ፥ «አልሄድም» ብሎ የሄደው ልጅ በቍጥር ተገለጠ።

ሊቃውንት የሄዱባቸው ሦስት መንገዶች

ከዚህ በኋላ ኮሪያን የሚያጠኑ ሊቃውንት በመጠይቅ ብቻ አልተማመኑም። በሦስት መንገድ ሄደዋል ማለት እንችላለን።

የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍትን መረመሩ። አሜሪካዊው ማይክል ካልተን የትዌግዬን ዐሥር ሥዕሎች ተርጕሞ በ1988 አሳተመ። በኮሪያም ኩም ጃንግ ቴ የተባለው ሊቅ የኮንፉሺየስን ትምህርት በሃይማኖት ጥናት ዐይን የሚመለከቱ ብዙ መጻሕፍትን ጻፈ። እነዚህ ያሳዩን ነገር፥ በዚያ ትምህርት ውስጥ ሰማይን መፍራት፥ ልብን ከመበተን መጠበቅ፥ ብቻን ሲሆኑ እንኳ በፍርሀት መቆም የሚሉ ሐሳቦች እንዳሉ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ የጨዋነት ደንብ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛዎቹ ሕግንና የትውልድ መዝገብን መረመሩ። ስዊዘርላንዳዊቷ ማርቲና ዶይችለር በ1992 ባሳተመችው ጥናት፥ ከጆሶን በፊት ሴት ልጅ ከወንድ ጋር እኩል ትወርስ እንደ ነበረ፥ ሙሽራው ብዙ ጊዜ በሚስቱ ወላጆች ቤት ይቀመጥ እንደ ነበረ፥ የበኵር ልጅ ብልጫ የጸናው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ17ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ሆነ አሳየች። ዛሬ ብዙዎች «ከጥንት የመጣ የኮሪያ ባሕርይ» የሚሉት ነገር እንግዲህ መጀመሪያ ያለው፥ በትምህርትና በሕግ ብዛት የተተከለ ነው። ትምህርት ሕዝብን ለመለወጥ ሦስት መቶ ዓመት ያህል እንደሚፈጅ መምህራን ይህን ልብ ይበሉ።

ሦስተኛዎቹ ወደ መንደር ወርደው በሰዎች ቤት ተቀመጡ። ሮጀር ጃኔሊና ባለቤቱ ዶንሂ ዪም ጃኔሊ በ1982 ባሳተሙት ጥናት፥ ወንዶች የሞቱ አባቶችን ቸር አድርገው ሲናገሩ፥ ሴቶች ግን አባቶች ሊጎዱም እንደሚችሉ መናገር እንደሚቀናቸው አስተዋሉ። ሎረል ኬንዳል ደግሞ በ1985 ባሳተመችው መጽሐፍ፥ በዚያው ቤት ወንዶች የኮንፉሺየስን ሥርዐት ሲፈጽሙ ሴቶች ሙዳንግ የተባሉትን መናፍስት ጠሪዎች እንደሚያስጠሩ ገለጠች። አንዱ ቤት በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ሥርዐት ነበረው። ይህን ያገኘው መጠይቅ አይደለም፤ በቤቱ ተቀምጦ ያየ ዐይን ነው።

እነዚህን ሁሉ ሰብስቦ የመዘነው በካናዳ ያስተማረው ዶን ቤከር፥ በድሮዋ ኮሪያ ሃይማኖት የማኅበርና የሥራ ነገር እንጂ አንዱን መርጦ ሌላውን የመካድ ነገር እንዳልነበረ፥ «እኔ የዚህ ነኝ፥ የሌላው አይደለሁም» የሚለው ምስክርነት በሰፊው የገባው ከክርስትና ጋር እንደ ሆነ ያስረዳል። ስለዚህ «ሃይማኖትህ ምንድር ነው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ከክርስቲያን ዓለም የመጣ ጥያቄ ነው። የኮንፉሺየስን ሥርዐት የሚፈጽመው ሰው «የለኝም» ማለቱ ሐሰት አይደለም፤ በማያውቀው መስፈሪያ መሰፈሩ ነው።

በደም የተጻፈው ክርክር

ይህ ክርክር በመጻሕፍት ብቻ የኖረ አይደለም። በ1784 ኢ ሱንግ ሁን የተባለ ኮሪያዊ በቤይጂንግ ተጠምቆ ወደ ሀገሩ በተመለሰ ጊዜ፥ ሚስዮናዊ ሳይገባ፥ የኮንፉሺየስን መጻሕፍት የተማሩ ምእመናን ራሳቸው የካቶሊክን ማኅበር መሠረቱ። እነዚህ ሰዎች ክርስትና የአባቶቻቸውን ትምህርት ይፈጽመዋል እንጂ አይሽረውም ብለው አስበው ነበር። በ1790 ግን የቤይጂንግ ጳጳስ፥ ሮም ቀደም ብላ በ1742 ያጸናችውን ውሳኔ ተከትሎ፥ ለአባቶች የሚደረገውን ሥርዐት ከለከለ። ብዙዎች በዚህ ተሰናክለው ተመለሱ።

ዩን ጂ ቹንግ የተባለው ምእመን ግን በ1791 እናቱ በሞተች ጊዜ ቀብሯንና ኀዘኗን ሳያጓድል፥ መብል የማቅረቡን ሥርዐት ተወ፤ ከዘመዱ ከክዎን ሳንግ ዮን ጋርም የአባቶቻቸውን የስም ሰሌዳዎች አቃጠሉ። በመንግሥቱ ዐይን ይህ አባትንና እናትን መካድ፥ ንጉሥንም መካድ ነበር፤ ስለዚህ በዚያው ዓመት በጆንጁ ከተማ አንገታቸው ተቈረጠ። ከእነርሱ በኋላ በ1801፥ በ1839፥ በ1846ና በ1866 ታላላቅ ስደቶች ተነሡ። የሁለቱ ዐፅም በ2021 ተገኝቶ ታወቀ። ከዚያ ቀደም በ2014 የሮም ፓፓ ፍራንሲስ በሴኡል ከብዙ ሰማዕታት ጋር ብፁዓን ብለዋቸው ነበር።

ታሪኩን እጅግ የሚያሳዝን የሚያደርገው ደግሞ ፍጻሜው ነው። በ1939 ሮም በምሥራቅ ሀገሮች ለሞቱ አባቶች የሚደረገው ክብር የሲቪል ሥርዐት ሊሆን እንደሚችል ወስና ክልከላውን አላላች፤ ይህም ሁለቱ ከተሠዉ ከ148 ዓመት በኋላ ነው። ፕሮቴስታንቶች በበኩላቸው ከ1880ዎቹ ጀምሮ ገብተው ጄሳን ሲከለክሉ፥ ምእመኖቻቸው በቦታው ጸሎት፥ ምንባብና መዝሙር ያለበትን የመታሰቢያ ጉባኤ አቆሙ። ሰሌዳውና ስግደቱ ቀረ፤ ቀኑና የቤተ ሰቡ መሰብሰብ ግን ጸንቶ ኖረ።

እኛ በዚህ በሌሎች ላይ ልንፈርድ አልተነሣንም። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ተሠዋ ሥጋ የጻፈውን የሚያነብ፥ ጥያቄው አዲስ እንዳልሆነ ያውቃል። መብሉ አንድ ሲሆን፥ ለማን እንደ ቀረበና የሚበላው ሰው ሕሊና ምን እንደሚል ይለያያል። ቤተ ክርስቲያናችንም ሙታንን አትረሳም፤ ፍትሐትና ተዝካር ሥርዐቶቿ ናቸው። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። በጄሳ መብሉ በሟቹ ፊት ይቀመጣል፥ ስግደቱም ለእርሱ ይሆናል። በተዝካር ጸሎቱ ስለ ሟቹ ወደ እግዚአብሔር ይቀርባል፥ መብሉ ለድኾችና ለካህናት ይሰጣል። አንዱ ለሙት ይሰጣል፤ ሌላው ስለ ሙት ይሰጣል። ይህን ልዩነት ምእመናን በሚገባ ሊያውቁት ይገባል፤ የማያውቁት ከሆነ የእነርሱም ተዝካር በልባቸው ጄሳ ይሆንባቸዋልና።

የዛሬው ኑሮ

የኮንፉሺየስ ትምህርት በዛሬዋ ኮሪያ ምን ላይ ነው? በ1999 አንድ መምህር ሀገር እንድትድን ኮንፉሺየስ መሞት አለበት የሚል ስም ያለው መጽሐፍ አሳትሞ ብዙ ክርክር አስነሣ፤ ሌላውም ሀገር እንድትድን ኮንፉሺየስ ሊኖር ይገባል ብሎ በመጽሐፍ መለሰለት። ሕጉም ተለወጠ። አንድ የዘር ስምና አንድ የትውልድ ምንጭ ያላቸው ሁሉ እንዳይጋቡ ይከለክል የነበረውን ሕግ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ1997 ነቀፈው። ወንድን ብቻ የቤት ራስ አድርጎ የሚመዘግበው ሥርዐትም በ2005 ተነቅፎ ከ2008 ጀምሮ ቀረ። በሌላ ወገን የድሮ ሊቃውንት ያስተምሩባቸው የነበሩ ዘጠኝ ሶዎን የተባሉ ትምህርት ቤቶች በ2019 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፉ።

በ2022 ደግሞ የመከር በዓል ሲቃረብ ሱንግክዩንክዋን አንድ ምክር አወጣ። ለአባቶች በሚቀርበው ገበታ በዘይት የተጠበሰ መብል ማብዛት ግዴታ እንዳልሆነ፥ ዘጠኝ ያህል መብል እንደሚበቃ ተናገረ። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ለባሏ አባቶች ሌሊቱን ቆማ የምትጠብሰው ምራት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ታዝንበት የነበረ ነው። ሥርዐቱን የሚጠብቁት ሽማግሎች ራሳቸው፥ ሸክም የሆነ ክብር ክብር እንዳልሆነ መሰከሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ወላጅን በማክበር በዓለም የታወቀችው ደቡብ ኮሪያ፥ ከባለጸጎቹ ሀገሮች መካከል ሽማግሎቿ በድህነት ከሚኖሩባቸው በመጀመሪያው ተራ ትቈጠራለች፤ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት ካለፈው ከመቶ አርባ ያህሉ እንደ ድኻ የሚቈጠሩ ናቸው። ምክንያቱ ብዙ ነው። ልጆች ወደ ከተማ ፈለሱ፤ ሽማግሎቹ ገንዘባቸውን ሁሉ በልጆቻቸው ትምህርት ጨረሱ፤ የጡረታው ሥርዐት ዘግይቶ ቆመ፤ ልጆች ይጦሩናል የሚለው ተስፋም ሳይፈጸም ቀረ። እንግዲህ «አልሄድም» ብሎ የሄደው ልጅ ደግሞ እየደከመ ነው ማለት ነው።

ለእኛ የሚሆነው ትምህርት

ከዚህ ጥናት ሦስት ነገር እንማር። አንደኛ፥ የሰውን ሃይማኖት በመዝገብ ቍጥር ብቻ አንመዝን። ሊቃውንቱ እውነቱን ያገኙት በሰው ቤት ተቀምጠው ነው፤ የነፍስ አባትም የልጁን ሃይማኖት የሚያውቀው ቤቱን ሲጐበኝ እንጂ ስሙን በደብሩ መዝገብ ሲያነብ አይደለም። ሁለተኛ፥ የሌላውን ሕዝብ ልማድ ከመንቀፋችንም ከማመስገናችንም በፊት፥ ክብሩ ለማን እንደሚቀርብ፥ የሚያቀርበውም ሰው ምን ብሎ እንደሚያስብ እንጠይቅ። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ከተማ ያደረገው እንዲህ ነው፤ ከመናገሩ በፊት በከተማው እየዞረ መሠዊያዎቻቸውን ተመለከተ።

ሦስተኛው ግን ወደ ራሳችን የሚመለስ ነው። በኮሪያ ያለው ሰው ስሙን ክዶ ሥራውን ሲፈጽም ካየን፥ በእኛ ዘንድ ስሙን ይዞ ሥራውን የተወ ስንት ነው ብለን እንጠይቅ። በየሰፈራችን የምናየው ነገር አለ። እናቱ በሕይወት ሳለች ወር በወር ያልጠየቃት ልጅ፥ በሞተች በአርባኛው ቀን ድንኳን ጥሎ በሬ አርዶ መንደሩን ሁሉ ይጠራል። በሕይወትዋ አንድ ነጠላ ያልገዛላት፥ ለመቃብሯ እብነ በረድ ያስጠርባል። ካህናቱም በልተን ጸልየን እንመለሳለን፤ ይህን ሰው «እናትህ ዓምና የት ነበረች?» ብለን አንጠይቀውም። የዝምታው ኀጢአት የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው።

ጌታችን ለወላጆቻቸው የሚገባውን ለእግዚአብሔር ሰጥተነዋል እያሉ አባትና እናታቸውን የሚያስርቡትን ሰዎች የገሠጻቸው በቅዱስ ማርቆስ ወንጌል በ7ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። መሥዋዕት እንኳ የወላጅን ዕዳ አይሸፍንም ካለ፥ ድግስ እንዴት ይሸፍናል? ስለዚህ ካህናት ሆይ፥ የተዝካር ቀን ሲነገራችሁ አስቀድማችሁ በዚያ ቤት በሕይወት የቀረ አባት ወይም እናት እንዳለ ጠይቁ፤ ካለም ከተዝካሩ ወጪ ጥቂቱ ለእርሱ እንዲሆን ምከሩ። ምእመናን ሆይ፥ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ፥ በሩቅም ሆነ በቅርብ ያለ ወላጅ ካላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ነገ ለመቃብር የምታወጡት ዛሬ ለእጁ ይድረስ።

ኮንፉሺየስ ወላጅን ማክበር የምግባር ሁሉ ሥር ነው ብሎ ያስተማረው ከብሉይ ነቢያት መጻሕፍት ርቆ በሚኖር ሕዝብ መካከል ነው። እኛ ግን ይኸው ትእዛዝ በጽላት ተጽፎ፥ በወንጌል ጸንቶ የተሰጠን ነን። ብዙ የተሰጠው ብዙ ይፈለግበታል። ስማችን ከግብራችን፥ ግብራችንም ከስማችን እንዳይለይ ቸሩ አምላክ ይርዳን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።